ስማርት ካርድ ላይ ያለን ሰርተፊኬት ከኮድ እንዴት እናነባለን፣ እንዴትስ እንፈርምበታለን?

«ካርዱን ሰክቼዋለሁ፣ የሪደሩ መብራት ይበራል፣ ኮዴ ግን ሰርተፊኬቱን አያየውም። ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ አያልቅም። ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ውስጥ የክፍያ ሲስተም የሚሠራው ልጅ ይጠይቀኛል፣ አራት ኪሎ የመመረቂያ ፕሮጀክቷን የያዘችው ተማሪ ትጠይቀኛለች፣ መልሱም ሁሌ ያው ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና በቃ ከእንግዲህ ሊንኩን ልላክ።

የትእዛዝና የፈንክሽን ስሞችን የጻፍኳቸው ሲነበቡ እንደሚሰሙት ነው። ሰነዳቸውን ስትከፍቱ ወዲያው ትለዩዋቸዋላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ካርዱ ፍላሽ አይደለም። ሰርተፊኬቱን ገልብጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ምክንያቱም ሰርተፊኬት ማንም እንዲያየው የተሠራ ነው። የግል ቁልፉ፣ ማለትም የሚፈረምበት ሚስጥር፣ ግን ከካርዱ አይወጣም። የካርዱ ጥቅም ራሱ እዚህ ላይ ነው። እናንተ የሚፈረመውን ዳታ ወደ ካርዱ ትልካላችሁ፣ ቺፑ እዚያው ውስጥ ይፈርማል፣ ተመልሶ የሚመጣው ፊርማው ብቻ ነው። «ቁልፉን አንዴ ፋይል ላይ ላውጣውና ኮዴ ከዚያ ያንብበው» የሚል ሐሳብ ካላችሁ እዚሁ ተዉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስማርት ካርዱ ወይም የዩኤስቢ ቶከኑ። ቶከን ማለት ካርዱና ሪደሩ አንድ ላይ የታሸጉበት ነው። ለኮዳችሁ ልዩነት የለውም።
- ሪደር። ሱቅ ገብታችሁ «ካርድ ሪደር አለ?» ብቻ ካላችሁ የካሜራ ሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ ነው የሚያወጡላችሁ፣ ስንቱ ይዞት ቤቱ ገብቷል። «የቺፕ ካርድ ሪደር» በሉ፣ ሳጥኑ ላይም ሲሲአይዲ የሚለውን ፈልጉ። ይህን ስታንዳርድ የሚከተል ሪደር ዊንዶውስም ማክም በአብዛኛው ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቁታል፣ ሊኑክስ ላይ አንድ ፓኬጅ ብቻ ነው የሚጫነው። ላፕቶፓችሁንና ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱና ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሰክታችሁ እዩት።
- ለካርዱ የሚሆን የፒኬሲኤስ 11 ላይብረሪ። ፒኬሲኤስ 11 ፕሮግራሞች ከካርድ ጋር የሚነጋገሩበት ስታንዳርድ ነው። ብዙ ጊዜ ካርዱን የሰጣችሁ ተቋም ነው አብሮ የሚሰጣችሁ። ካልሰጣችሁ ኦፕንኤስሲን ሞክሩ። ነፃ ነው፣ ብዙ ዓይነት ካርዶችንም ያውቃል።
- ፒን። ፒዩኬው፣ ማለትም የተቆለፈ ፒን መክፈቻው ቁጥር፣ የት እንደተቀመጠም ከአሁኑ እወቁ።
- ሶፍትኤችኤስኤም 2። በሶፍትዌር የተሠራ የውሸት ቶከን ነው፣ ያለ ካርድ ኮድ ለመሞከር።
- ፓይተን፣ ጃቫ ወይም ሲ ሻርፕ። እኔ ደረጃዎቹን በፓይተን አስቤ ነው የጻፍኩት፣ የሌሎቹን መጨረሻ ላይ አመጣለሁ።

ማስጠንቀቂያ፣ ይህን ሳታነቡ ፒን እንዳትነኩ

በብዙ ካርዶች ላይ ፒን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከተሳሳተ ካርዱ ይቆለፋል። ቆጣሪው ያለው ካርዱ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ብታደርጉት፣ ካርዱን ነቅላችሁ ብትሰኩት ወደ ዜሮ አይመለስም። ስለዚህ ፒን የሚልክ ኮድ ሉፕ ውስጥ አይገባም። «ካልሠራ እንደገና ይሞክር» የሚል ፍሬምወርክ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህንን ክፍል ከእሱ አውጡት፣ አለዚያ አንድ የተሳሳተ ኮንፊግ ዓይናችሁ እያየ ካርዱን ይቆልፈዋል። የተቆለፈ ካርድ በፒዩኬ ይከፈታል፣ ግን ፒዩኬም ገደብ አለው። እሱም ካለቀ ቁልፉን የሚያወጣላችሁ የለም፣ አዲስ ሰርተፊኬት ማሠራት ብቻ ነው።

ሌላው፣ ፒኑን ኮድ ውስጥ አትጻፉ፣ ሎግ ፋይል ላይም አታትሙ። የአለቃችሁን ካርድ ተውሳችሁ የምትሞክሩ ደግሞ አቁሙና ሶፍትኤችኤስኤም ጫኑ።

ደረጃ 1፦ ሪደሩና ካርዱ መተያየታቸውን አረጋግጡ

ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱና የስማርት ካርድ ሪደሮች የሚለው ሥር ሪደራችሁን ፈልጉ። ሊኑክስ ላይ ፒሲኤስሲዲ የሚባለው አገልግሎት መነሳት አለበት፣ ከዚያ ፒሲኤስሲ-ስካን የሚለውን ትእዛዝ ተርሚናል ላይ አስኪዱ። ካርዱን ስትሰኩ አንድ መስመር ቁጥሮችና ፊደላት ይወጣል። ይህ ኤቲአር ነው፣ ካርዱ ኃይል ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚሰጠው መልስ።

ለምን ይጠቅማል? ኤቲአር ከመጣ ሪደሩም ካርዱም ጤነኛ ናቸው፣ ከዚህ በኋላ ችግር ካለ ሶፍትዌር ነው። ካልመጣ ደግሞ ኮድ ውስጥ መቆፈር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ካርዱ ተገልብጦ እንዳይሆን እዩ፣ ቺፑን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ ሪደሩን ከሃብ ነቅላችሁ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የዩኤስቢ መሣሪያውን ወደ ውስጥ ማሻገራችሁን አረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ላይብረሪውን ያለ ኮድ ሞክሩት

ኦፕንኤስሲን ስትጭኑ ፒኬሲኤስ11-ቱል የሚባል ትእዛዝ አብሮ ይመጣል። የላይብረሪውን ሙሉ አድራሻ በሞጁል ምርጫው ስጡትና መጀመሪያ ስሎቶቹን (ካርድ የሚገባባቸውን ቦታዎች)፣ ቀጥሎ ካርዱ ላይ ያሉትን ነገሮች እንዲዘረዝር ጠይቁት። የካርድ አምራቹን ላይብረሪም በዚሁ መሣሪያ መሞከር ይቻላል፣ ምክንያቱም ፒኬሲኤስ 11 የጋራ ስታንዳርድ ነው።

ያለ ፒን ስትዘረዝሩ ሰርተፊኬቶችና የአደባባይ ቁልፎች ይታያሉ። የግል ቁልፍ ላይታይ ይችላል። አትደንግጡ፣ እሱ የሚመጣው ከሎግ ኢን በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር አለ። ላይብረሪው ባለ 32 ቢት ሆኖ ፓይተናችሁ ባለ 64 ቢት ከሆነ አይጫንም። የሚመጣው የስህተት መልእክት ደግሞ አንዳንዴ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ነው፣ ፋይሉ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ! ሁለቱ ይመሳሰሉ።

ደረጃ 3፦ ከኮድ ላይብረሪውን ጫኑ፣ ቶከኑን ምረጡ

ፓይተን ላይ ፓይተን-ፒኬሲኤስ11 ወይም ፓይኬሲኤስ11 የሚባሉ ፓኬጆች አሉ፣ አንዱን ጫኑ። ከሥር የሚጠሩት ፈንክሽን ያው ነው። ሲ-ኢኒሺያላይዝ በአንድ ፕሮሰስ አንድ ጊዜ ይጠራል፣ ከዚያ ሲ-ጌትስሎትሊስት ካርድ ያለባቸውን ስሎቶች ብቻ እንዲሰጣችሁ ትጠይቁታላችሁ።

ስሎት ዜሮን በቀጥታ አትውሰዱ። በእናንተ ላፕቶፕ ዜሮ የሆነው ሌላው ጋ አንድ ይሆናል፣ ሁለተኛ ሪደር ሲሰካ ደግሞ የእናንተም ሊቀየር ይችላል። የቶከኑን ስም ወይም ሲሪያል ቁጥር አንብቡና በእሱ ምረጡ።

የቶከን ስም ቦታው 32 ባይት ነው። ከስሙ የተረፈው በባዶ ቦታ ይሞላል፣ ስለዚህ ከማወዳደራችሁ በፊት ከጅራቱ ባዶውን ቁረጡ። ስሙን በአማርኛ ለመስጠት ያማራችሁ ደግሞ ልብ በሉ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ 10 ፊደል ብቻ ነው የሚገባው። አሥራ አንደኛው መሃሉ ላይ ይቆረጥና ኮዳችሁ ስሙን ሲያነብ ይወድቃል። «የፋይናንስ መምሪያ» ስትቆጥሩት ባዶ ቦታውን ሳይጨምር 10 ፊደል ነው፣ ከባዶ ቦታው ጋር 31 ባይት፣ ለጥቂት ነው የሚገባው። «ፋይናንስ» በቂ ነው።

ደረጃ 4፦ ሰርተፊኬቱን አንብቡ፣ ገና ያለ ፒን

ሴሽን (ከቶከኑ ጋር የሚደረግ ግንኙነት) ክፈቱ፣ ሎግ ኢን ግን አታድርጉ። ሲ-ፋይንድኦብጀክትስኢኒት ላይ «ዓይነቱ ሰርተፊኬት የሆነ» የሚል መፈለጊያ ስጡት፣ በሲ-ፋይንድኦብጀክትስ ውጤቶቹን ሰብስቡ፣ በሲ-ፋይንድኦብጀክትስፋይናል ዝጉ። የመጨረሻውን ከረሳችሁት ቀጣዩ ፍለጋ «ሌላ ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ 144 ቁጥር ስህተት ይመልሳል። ፓይተን-ፒኬሲኤስ11 ላይም ፍለጋውን በመሃል ብታቋርጡት እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል ውጤቱን መጀመሪያ ሊስት ውስጥ አስገቡት።

ከእያንዳንዱ ሰርተፊኬት ሁለት ነገር ውሰዱ፦ ቫልዩና አይዲ። ቫልዩው ሰርተፊኬቱ ራሱ ነው፣ ዲኢአር በሚባለው የባይት አጻጻፍ ቅርጽ። ፋይል ላይ ብትጽፉት በማንኛውም የሰርተፊኬት ማያ ይከፈታል። አይዲው ደግሞ በኋላ የግል ቁልፉን የምናገኝበት ነው፣ እንዳትጥሉት። በሲ የምትጽፉ ከሆነ ሲ-ጌትአትሪቢዩትቫልዩን ሁለቴ ጥሩት፣ መጀመሪያ ርዝመቱን ለማወቅ፣ ቀጥሎ ቦታ አዘጋጅታችሁ ዳታውን ለመቀበል።

ይህን ያለ ፒን የምናደርገው ሆን ብለን ነው። እስከዚህ ያለው ሁሉ ከሠራ የቀረው ፒንና ፊርማ ብቻ ይሆናል፣ የካርዱን የሙከራ ዕድል በላይብረሪ አድራሻ ስህተት አታባክኑም።

ደረጃ 5፦ ትክክለኛውን ሰርተፊኬት ለዩ

አንድ ካርድ ላይ ሁለት ሦስት ሰርተፊኬት መኖሩ የተለመደ ነው፣ አንዱ ለመግቢያ፣ አንዱ ለፊርማ፣ አንዱ ለምስጠራ። የሰጪው ተቋም ሰርተፊኬትም አብሮ ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያውን አንስቶ መሮጥ በኋላ ጣጣ አለው። ዲኢአሩን ክሪፕቶግራፊ በሚባለው የፓይተን ፓኬጅ ክፈቱትና የቁልፍ አጠቃቀም የሚለውን ክፍል እዩ። ለፊርማ የሚሆነው ዲጂታል ሲግኔቸር ወይም ነን-ሪፑዲዬሽን የሚል ምልክት አለው።

ቀጥሎ ቀኑን እዩ፣ እዚህ ጋ እኛ አገር የራሱ ጉድ አለው። በሰርተፊኬት ላይ ያለው ጊዜ በዩቲሲ ነው፣ የእኛ ሰዓት ደግሞ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ለምሳሌ ማብቂያው 2026 ሴፕቴምበር 10፣ 23:59:59 ቢል፣ አዲስ አበባ ላይ የሚያበቃው ሴፕቴምበር 11 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው፣ የ2019 እንቁጣጣሽ ሌሊት። ኮዳችሁ መጀመሪያ ቀኑን ብቻ ቆርጦ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀየረ ጳጉሜን 5 ቀን 2018 ብሎ ለተጠቃሚው ያሳያል፣ ዓመቱም ቀኑም የተሳሳተ። መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ እኛ አምጡ፣ ከዚያ ቀኑን ቀይሩ፣ ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡት። በክሪፕቶግራፊ ፓኬጅ አዳዲስ እትሞች ላይ በስሙ መጨረሻ ዩቲሲ የሚል ያለበትን የማብቂያ ጊዜ ተጠቀሙ፣ ያለሱ ያለው የሰዓት ክልል ስለማይዝ ያደናግራል።

ደረጃ 6፦ ፒን አስገቡና ፈርሙ

አሁን ሲ-ሎግኢን። ከመጥራታችሁ በፊት የቶከኑን ሁኔታ አንብቡ፣ «ፒን ተሳስቷል» ወይም «የቀረው የመጨረሻው ሙከራ ነው» የሚሉ ምልክቶች አሉ። የመጨረሻው ከሆነ ኮዳችሁ ቆሞ ለተጠቃሚው ይንገረው፣ ዝም ብሎ አይላክ።

ከዚያ ዓይነቱ የግል ቁልፍ የሆነ፣ አይዲው ከመረጣችሁት ሰርተፊኬት ጋር አንድ የሆነውን ፈልጉ። በስም አትፈልጉ፣ ስም ማንም እንደፈለገ ነው የሚሰጠው። ቁልፉን ስታገኙ የያዛችሁት መጠቆሚያ ቁጥር ብቻ ነው፣ ቁልፉ አሁንም ካርዱ ውስጥ ነው።

የፊርማ ስልቱን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ቁልፉ አርኤስኤ ከሆነ ሻ256 እና አርኤስኤን አንድ ላይ የያዘውን ስልት ምረጡ፣ ሙሉ ዳታውን ትሰጡታላችሁ፣ ሃሹን (የዳታውን አጭር አሻራ) እሱ ይሠራል፣ እዳው ገብስ ነው። ሃሹን ራሳችሁ ሠርታችሁ ተራውን የአርኤስኤ ፒኬሲኤስ ስልት ከተጠቀማችሁ ግን ከሃሹ በፊት የሃሹን ዓይነት የሚናገር መግቢያ, ዳይጀስትኢንፎ የሚባለውን፣ መጨመር የእናንተ ሥራ ነው። ብትረሱት ካርዱ ያለ ምንም ቅሬታ ይፈርማል፣ ፊርማው ግን የትም አይረጋገጥም።

ቁልፉ ኢሊፕቲክ ከርቭ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ፒኬሲኤስ 11 የሚመልሰው ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ገጥሞ ነው፣ በፒ-256 ቁልፍ በድምሩ 64 ባይት። ኦፕንኤስኤስኤልና አብዛኛው የማረጋገጫ ኮድ የሚጠብቀው ግን በዲኢአር የታሸገውን ነው። ከመሃል ቆርጣችሁ ሁለቱን ቁጥሮች አውጡና በዲኢአር ጠቅልሏቸው።

የፊርማ ቁልፎች አንዳንዴ ለእያንዳንዱ ፊርማ ፒን እንደ አዲስ ይጠይቃሉ። አንዱ ፈርሞ ሁለተኛው «ሎግ ኢን አላደረግክም» ብሎ 257 ከመለሰ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። መቶ ደብዳቤ በአንድ ፒን ለመፈረም ያቀደ ሲስተም እዚህ ላይ ይቆማል፣ በኮድ የምታልፉትም አይደለም፣ ካርዱ ሲዘጋጅ የተወሰነ ነው።

ደረጃ 7፦ ፊርማውን ከካርዱ ውጪ አረጋግጡ

ያወጣችሁትን ሰርተፊኬት የአደባባይ ቁልፍ ወስዳችሁ ፊርማውን በሌላ ላይብረሪ አረጋግጡ። ካርዱ ስህተት አለመመለሱ ፊርማው ትክክል ነው ማለት እንዳልሆነ ከላይ አይታችኋል። ከዚያ የሰርተፊኬቱን ሰንሰለት እስከ ሥሩ ተከተሉ፣ መሰረዝ አለመሰረዙንም እዩ። ፊርማው በሕግ ፊት እንዲቆም የምትፈልጉ ከሆነ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ን አንብቡ። በአዋጁ መሠረት የሥር ሰርተፊኬት ባለሥልጣኑ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ነው፣ ራሳችሁ በቤታችሁ የሠራችሁት ሰርተፊኬት ለሙከራ እንጂ ለውል አይሆንም።

ደረጃ 8፦ ዝጉ

ሲ-ሎግአውት፣ ሲ-ክሎዝሴሽን፣ ሲ-ፋይናላይዝ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ሎግ ኢን የሚይዘው አንዱን ሴሽን ብቻ አይደለም፣ በዚያ ፕሮሰስ በዚያ ቶከን ላይ ያሉትን ሴሽኖች ሁሉ ነው። ክፍት ትታችሁት ከሄዳችሁ ሌላ የኮዳችሁ ክፍል ያለ ፒን መፈረም ይችላል። ስህተት ቢፈጠርም እንዲዘጋ ፋይናሊ ብሎክ ውስጥ አድርጉት።

በጃቫና በሲ ሻርፕ ለምትሠሩ

ጃቫ ሳንፒኬሲኤስ11 የሚባል ፕሮቫይደር አብሮት ይመጣል። ስምና የላይብረሪ አድራሻ የያዘ ባለ ሁለት መስመር ኮንፊግ ፋይል ጻፉ፣ ከጃቫ 9 ጀምሮ ፕሮቫይደሩን ጠርታችሁ ኮንፊገር በሚለው ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ኪይስቶር ትከፍታላችሁ። ኪይስቶሩን ከፒን ጋር ሎድ ማድረግ ማለት ሎግ ኢን ማለት ነው፣ የተሳሳተ ፒን ከሆነ አንድ ሙከራ ይበላል።

በዊንዶውስ ሲ ሻርፕ ከሆነ ፒኬሲኤስ 11 ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ካርዱ ሲሰካ ሰርተፊኬት ፕሮፓጌሽን የሚባለው አገልግሎት ሰርተፊኬቱን ወደ ተጠቃሚው የግል ስቶር ይገለብጠዋል። እዚያ ፈልጋችሁ የግል ቁልፉን ጠይቁት፣ ለመፈረም ስትሞክሩ ፒን መጠየቂያውን ዊንዶውስ ራሱ ያወጣዋል። ሰርተፊኬቱ ግን ካርዱ ከተነቀለ በኋላም እዚያው ሊቀር ይችላል፣ ስለዚህ ስቶር ውስጥ ማየታችሁ ካርዱ ተሰክቷል ማለት አይደለም።

በብዛት የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ቁጥሮቹ በአሥርዮሽ ናቸው፣ ሰነዱ ላይ በሄክስ ታገኟቸዋላችሁ።

- 160፦ ፒኑ ተሳስቷል። እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱና ፒኑን አጣሩ።
- 164፦ ፒኑ ተቆልፏል። ወደ ፒዩኬ።
- 224፦ ስሎቱ ውስጥ ካርድ የለም። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።
- 401፦ ላይብረሪው በዚያው ፕሮሰስ ቀድሞ ተነስቷል። ሁለት ቦታ ሲ-ኢኒሺያላይዝ እየጠራችሁ ነው።
- 50፦ ካርዱ ወይም ቶከኑ በመሃል ተነቅሏል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ዴስክቶፕ ላይ የከፈታችሁት ሴሽን አይመለስም፣ ከመጀመሪያው ክፈቱ።
- ካርዱ «ተይዟል» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ፕሮግራም ለብቻው ይዞታል። ሊኑክስ ላይ የጂኤንዩፒጂ ኤስሲዴሞን ይህን ያደርጋል፣ አቁሙትና ሞክሩ።
- ላፕቶፑ ላይ ሠርቶ በኤስኤስኤች ስትገቡ እምቢ ካለ የፖልኪት ፈቃድ ነው። ብዙ ዲስትሮዎች ላይ ካርድ የሚፈቀደው ስክሪኑ ፊት ለተቀመጠ ተጠቃሚ ነው፣ ለአገልግሎቱ ተጠቃሚ የተለየ ደንብ ጻፉ።
- ካርዱ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ተሰክቶ እናንተ በሪሞት ዴስክቶፕ ስትገቡ ካልታየ፣ አይታይም። በሪሞት ዴስክቶፕ ውስጥ ኮዳችሁ የሚያየው እናንተ የተቀመጣችሁበት ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሪደር ነው። ለመሞከር ሰርቨሩ ፊት ተቀመጡ።
- በእጅ ስታስነሱት ሠርቶ እንደ ዊንዶውስ ሰርቪስ ሲነሳ ሰርተፊኬቱን ካጣው፣ ሰርቪሱ የሚያየው የራሱን አካውንት ስቶር እንጂ የእናንተን አይደለም። ፒን መጠየቂያ መስኮትም ሊያወጣ አይችልም። ለሰርቪስ በፒኬሲኤስ 11 በኩል ሂዱ፣ ፒኑንም ሲነሳ ከተጠበቀ ቦታ እንዲያነብ አድርጉ።